ብረትን በልክ ስለ መቁረጥ፤ የቶርኖ ቤት ሥራ ዘዴውና ችግሩ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቶርኖ ቤት ውስጥ አንድ የብረት ዘንግ በትክክለኛ ልኩ ተቆርጦ እንዲወጣ የሚያደርጉትን ዘዴዎችና ልኩን የሚያበላሹትን ምክንያቶች ለአንባቢ ማስረዳት ነው። ስለ ትልልቅ ፋብሪካዎች ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። ነገር ግን ፋብሪካውንም፣ የእህል ወፍጮውንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ የጭነት መኪናውንም አንድ ዕቃ በተሰበረበት ቀን መልሶ የሚያስነሣቸው በአንድ ጥግ ያለው ትንሽ ቶርኖ ቤት መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የወፍጮው ዘንግ ቢበላ ወይም ቢሰበር የመንደሩ ሰዎች እህላቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ መንደር መሄዳቸው ነው። መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ ይጠበቅ ቢባል ደግሞ ጊዜውም የውጭ ምንዛሪውም ይባክናል። ስለዚህ የቶርኖ ሠራተኛው የሚቆርጠው ዘንግ ልኩን ጠብቆ መገኘቱና አለመገኘቱ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በአገራችን የቶርኖ ሠራተኛ ከሚናገራቸው የሙያ ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ባሌስትራ የሚባሉት ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። በኋላ ደግሞ ሌዝ፣ ቸክ፣ ቤሪንግ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጨመሩባቸው። እኛም በዚህ ጽሑፍ በተቻለ መጠን ሠራተኛው በሚጠራበት ስም እንጠቀማለን፤ የታወቀ ስም የሌለውን ግን በተራ አማርኛ እንገልጸዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የነገሩ አጀማመር

ብረትን በማሽን በልክ መቁረጥ የዘመናዊው ኢንዱስትሪ መሠረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጀምስ ዋት የተሻለውን የእንፋሎት ሞተር ሐሳብ ካገኘ በኋላ ለብዙ ዓመት የተቸገረው ፒስተኑ እንፋሎት ሳያሾልክ የሚመላለስበት፣ በትክክል ክብ የሆነ ሲሊንደር የሚሠራለት ሰው በማጣቱ ነበር። ችግሩ የተቃለለውም ጆን ዊልኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ብረት ሠሪ በ1775 አካባቢ በአዲስ የመቦርቦሪያ ማሽን ሲሊንደሩን በደኅና ልክ ለመቦርቦር በቻለ ጊዜ ነው። ከዚያም በ1800 አካባቢ ሄንሪ ሞድስሌይ መቁረጫው በሰው እጅ መያዙ ቀርቶ በጠንካራ ተንሸራታች ላይ የሚታሰርበትንና ረጅም ጥርሳም ዘንግ የሚስበውን የብረት ቶርኖ ሠራ። ዛሬ በየቶርኖ ቤቱ የምናየው ማሽን በዋናው ነገር ከዚህ ብዙ አልራቀም።

በአገራችንም ይህ ሙያ ከባቡር ሐዲድ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በድሬዳዋ የተቋቋመው የባቡር መጠገኛ ሎኮሞቲቮችንና ፉርጎዎችን የሚያድስ ትልቅ የብረት ሥራ ቤት ነበር። ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ባቡሩ ቆሞ ሊጠብቅ ስለማይችል፣ የተሰበረውን እያዩ አዲሱን መቁረጥ የግድ ሆነ። ዛሬ በየከተማው ያለው የቶርኖ ሠራተኛ የሚሠራውም ሥራ ዓይነቱ ይኸው ነው፤ ማለት የአሮጌውን ልክ ወስዶ አዲሱን መሥራት ነው።

2. ልክ ማለት ምን ማለት ነው

በቶርኖ ላይ የሚሠራው ብረት ቸክ በሚባለው መያዣ ተይዞ ይሽከረከራል፤ መቁረጫው ደግሞ በዝግታ እየተጠጋ ይልጠዋል። እንደዚህ ተልጦ የወጣ ዘንግ «ልኩ 50 ሚሊሜትር ነው» ሲባል በእውነቱ ልክ 50 ሆኖ አይገኝም፤ ምንጊዜም ጥቂት ይበልጣል ወይም ያንሳል። ጥያቄው ምን ያህል ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ሥራው አይበላሽም የሚለው ነው። ይህ የሚፈቀደው ስሕተት ከሥራው ጋር ይለያያል። ለበር ማጠፊያ ግማሽ ሚሊሜትር ምንም አይደለም፤ ለኩሽኔታ ግን እጅግ ብዙ ነው።

ለምሳሌ ያህል የውስጥ ቀዳዳው 50 ሚሊሜትር የሆነ ኩሽኔታ የሚገባበትን የወፍጮ ዘንግ እንውሰድ። በዓለም አቀፉ የልክ ሥርዓት መሠረት ለእንዲህ ያለው ዘንግ ዘወትር ከሚመረጡት ልኮች አንዱ ከ50.002 እስከ 50.018 ሚሊሜትር ያለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 16 ማይክሮን ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ዘንጉ ከዚህ ልክ ቢቀጥን የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት በዘንጉ ላይ ቀስ እያለ መዞር ይጀምርና ዘንጉን ይበላዋል። ቢወፍር ደግሞ ቀለበቱ ተወጥሮ ኳሶቹ የሚንቀሳቀሱበት ክፍተት ይጠፋል፤ ኩሽኔታውም ግሎ ይቃጠላል። ባለወፍጮው «ኩሽኔታው አስመስሎ የተሠራ ነው» ብሎ ሻጩን ይወቅስ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ኩሽኔታ በገበያ ላይ መኖሩም አይካድም። ነገር ግን ጥፋቱ በዘንጉ ልክ ላይ ሊሆን ስለሚችል ወቀሳው ከመለካት በኋላ ቢመጣ ይሻላል።

እንግዲህ ይህ የ16 ማይክሮን ቦታ በምን በምን እንደሚጠፋ ከዚህ ቀጥለን በተራ እንመልከት።

3. ሙቀት

ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። አንድ ሜትር የሆነ አረብ ብረት ለእያንዳንዱ የሴልሺየስ ዲግሪ 11 ተኩል ማይክሮን ያህል ይረዝማል። ይህ ቍጥር ትንሽ ይመስላል፤ በምሳሌያችን ላይ ስናውለው ግን ትንሽ አለመሆኑ ይታያል። 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በመቁረጥ ምክንያት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር ውፍረቱ በ17 ማይክሮን ያህል ይጨምራል። ይህም ከተፈቀደው ስሕተት በሙሉ ይበልጣል ማለት ነው። ሠራተኛው ዘንጉን በትኩሱ ለክቶ 50.010 ቢያገኝ «ልክ መካከሉ ላይ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ዘንጉ ሲበርድ ግን 49.993 ሆኖ ይገኛል። የተቆረጠውን ብረት ደግሞ መልሶ መቀጠል አይቻልም።

መድኀኒቱ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሻካራውን ልጠት ከጨረሱ በኋላ ለመጨረሻው ልጠት ጥቂት፣ ለምሳሌ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ማስተረፍ፣ ዘንጉ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ መለካትና በቀጭኑ ልጦ መጨረስ ነው። ለአረብ ብረት በዘይት የተበጠበጠ ነጭ የማቀዝቀዣ ውሃ ማፍሰስም ይረዳል። ጊዛ የሚባለው ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት ግን ፍቅፋቂው ዱቄት ስለሚሆንና ከውሃው ጋር ተለውሶ ጭቃ ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ በደረቁ ይቆረጣል።

አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ልክ ሁሉ የሚጠቀሰው በ20 ዲግሪ ሙቀት እንዲሆን በ1931 በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኗል። ታዲያ እንደ ድሬዳዋ ባለው ሞቃት ከተማ የሚሠራ ሰው ምን ያድርግ? ዘንጉም ማይክሮሜትሩም ሁለቱም ከአረብ ብረት የተሠሩ ከሆኑና በአንድ ክፍል ውስጥ ቆይተው እኩል ከሞቁ አብረው ስለሚሰፉ ስሕተቱ ይጣፋል። አሉሚኒየም ሲሆን ግን እንዲህ አይደለም። አሉሚኒየም ከአረብ ብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋልና፣ 100 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ዕቃ በ35 ዲግሪ ሙቀት በብረት ማይክሮሜትር ቢለካ የ17 ማይክሮን ያህል ልዩነት ያሳያል። ማይክሮሜትርን በኪስ ይዞ መዞር ወይም ለብዙ ጊዜ በእጅ ጨብጦ መቆየትም ከዚሁ ስሕተት ይመደባል።

4. መታጠፍ

ብረት ጠንካራ ነው ብለን ስለምናምን በመቁረጫው ፊት ይታጠፋል ብለን አናስብም። ይሁን እንጂ ይታጠፋል። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ከቸኩ 100 ሚሊሜትር ወጥቶ ቢያዝና ጫፉን 20 ኪሎ የሚያህል ኀይል ቢገፋው በ0.04 ሚሊሜትር ይታጠፋል። መቁረጫው የሚገፋው ዘንግ ስለሚሸሸው በጫፉ በኩል ሊልጠው የሚገባውን ያህል አይልጥም። ስለዚህም ዘንጉ በጫፉ በኩል በ0.08 ሚሊሜትር ወፍሮ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ደንቦችን ማወቅ ይጠቅማል። የወጣው ርዝመት እጥፍ ቢሆን መታጠፉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የዘንጉ ውፍረት እጥፍ ቢሆን ደግሞ መታጠፉ ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ከላይ የጠቀስነው ዘንግ 200 ሚሊሜትር ወጥቶ ቢያዝ መታጠፉ ከ0.3 ሚሊሜትር ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ የወጣው ርዝመት ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ ሲያልፍ ዘንጉን በኋላ ደጋፊው ሹል ጫፍ ማስደገፍ፣ ከዐሥር እጥፍ በላይ ሲሆን ደግሞ በመካከሉ ሌላ ድጋፍ ማቆም የቆየ ልማድ ነው።

መቁረጫውም ቢሆን ይታጠፋል። ከማሰሪያው አላስፈላጊ ርዝመት ወጥቶ የታሰረ መቁረጫ ይንቀጠቀጣል፤ በዘንጉም ላይ እንደ ማዕበል ያለ ምልክት ይተዋል። ብዙ ሠራተኞች የሚያደርጉት አንድ መልካም ዘዴ አለ፤ ይኸውም ጥልቀት ሳይጨምሩ መቁረጫውን በዚያው ቦታ ደግሞ ማሳለፍ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ከመቁረጫው የሚወጣው ቀጭን ፍቅፋቂ ባለፈው ጊዜ ምን ያህል ታጥፎ እንደ ነበረ ይናገራል።

5. የማሽኑ እርጅናና የአያያዝ ጥፋት

በአገራችን ካሉት ቶርኖዎች ብዙዎቹ በሌላ ሰው እጅ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ናቸው። አሮጌ ቶርኖ አልጋው በቸኩ አጠገብ ይበላል፤ ሥራው ሁሉ የሚበዛው እዚያ ነውና። ብሎኖቹም ይላላሉ። ነገር ግን አሮጌ ማሽን ማለት የማይረባ ማሽን ማለት አይደለም። ስሕተቱ የታወቀ ማሽን ስሕተቱ ካልታወቀው አዲስ ማሽን ሊበልጥ ይችላል።

የኋላ ደጋፊው ከመስመሩ ወጥቶ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚደረገው ፍተሻ ቀላል ነው። አንድ ዘንግ በሁለት ሹል ጫፎች መካከል ይታሰራል። ጥልቀቱ ሳይነካ በሁለቱም ዳር በኩል ትንሽ ትንሽ ይላጣል፤ ከዚያም ሁለቱ ቦታዎች በማይክሮሜትር ይለካሉ። በኋላ ደጋፊው በኩል ያለው በ0.10 ሚሊሜትር ወፍሮ ቢገኝ ደጋፊው ከሠራተኛው ወደ ውጭ በ0.05 ሚሊሜትር ሸሽቷል ማለት ነው፤ ይህንኑ ያህል ወደ ሠራተኛው ማምጣት ይገባል። ይህ ፍተሻ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ሳይደረግ ቢቀር ግን ከዚያ ማሽን የሚወጣ ረጅም ዘንግ ሁሉ እንደ ቡሽ በአንድ ወገን የቀጠነ ይሆናል።

የብሎኑ መላላትም የራሱ ዘዴ አለው። መቁረጫውን የሚያስጠጋው እጀታ ከሚፈለገው ቍጥር ካለፈ በዚያው መጠን መመለስ አይበቃም፤ ብሎኑ ልል ስለ ሆነ ቍጥሩ ሲመለስ መቁረጫው በቦታው ሊቀር ይችላል። እጀታውን ግማሽ ዙር ያህል ወደ ኋላ መልሶ እንደ ገና ከአንድ አቅጣጫ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ደግሞም በአንዳንድ ማሽን ላይ ያለው ቍጥር መቁረጫው የተጠጋውን ያህል ሲያሳይ፣ በሌላው ላይ ከውፍረቱ የሚቀነሰውን ያህል ያሳያል። ከአንዱ ቶርኖ ወደ ሌላው የተዛወረ ለማጅ ይህን ሳይጠይቅ ቢጀምር የመጀመሪያውን ዕቃ ማበላሸቱ አይቀርም።

ስለ አያያዝም አንድ ነገር መጨመር አለብን። ባለ ሦስት ጣቱ ቸክ ለሥራ የሚያፋጥን ነው፤ ነገር ግን ያገለገለ ከሆነ ዘንጉን ከትክክለኛው መካከል የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል እንኳ ሊያስት ይችላል። ዘንጉ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ እንደ ገና ሲያዝ የሁለቱ ወገን መካከል አይገጥምም። ስለዚህ መካከላቸው አንድ መሆን ያለባቸው ክፍሎች ሁሉ ዘንጉ ሳይፈታ በአንድ አያያዝ ቢቆረጡ ይመረጣል። ይህ የማይቻል ሲሆን በሁለት ሹል ጫፎች መካከል ማሰር፣ ወይም ባለ አራት ጣቱን ቸክ ተጠቅሞ ዳያል ጌጅ በሚባለው ባለ መርፌ መለኪያ እያዩ ማስተካከል ይገባል።

6. መቁረጫውና ፍጥነቱ

በአንድ ደቂቃ ውስጥ በመቁረጫው ፊት የሚያልፈው የብረት ርዝመት የመቁረጥ ፍጥነት ይባላል። ቸኩ በደቂቃ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ለማወቅ ፍጥነቱን በዘንጉ ዙሪያ ርዝመት ማካፈል ነው። በምሳሌያችን ያለው የ50 ሚሊሜትር ዘንግ ዙሪያው 157 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለስላሳ አረብ ብረት በተለመደው የፈጣን ብረት መቁረጫ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ይቆረጣል ብንል ቸኩ በደቂቃ ወደ 160 ጊዜ ይዞራል። በካርባይድ መቁረጫ 120 ሜትር ብንል ደግሞ ወደ 760 ጊዜ ይዞራል። ይህን ልዩነት ያመጡት ሁለት ፈጠራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፈጣን ብረት የተባለው፣ ቴይለርና ኋይት በተባሉት አሜሪካውያን ተገኝቶ በ1900 በፓሪስ ትርኢት ላይ የታየው ነው፤ ሁለተኛው በ1920ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር ለገበያ የቀረበው ካርባይድ ነው።

ይኸው ፍሬድሪክ ቴይለር ለ26 ዓመት ያህል ብረት በመቁረጥ ሲመራመር ቆይቶ በ1906 ያቀረበው ጥናት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚያ የተገኘው ደንብ ፍጥነት ሲጨመር የመቁረጫው ዕድሜ እጅግ በበለጠ መጠን እንደሚያጥር ያስረዳል። በፈጣን ብረት መቁረጫ ላይ ፍጥነቱ በመቶ 20 ቢጨመር የመቁረጫው ዕድሜ ከቀድሞው ሩብ በታች ይወርዳል፤ በካርባይድ ላይ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ሥራውን ለማፋጠን ሲል ቸኩን ከመጠን በላይ የሚያስሮጥ ሠራተኛ ያተረፈውን ጊዜ መቁረጫ በመሳልና በመለወጥ ይከፍለዋል። ከዚህም በላይ የደነዘ መቁረጫ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ስለሚገፋው ከላይ ያነሣናቸውን ሙቀትንና መታጠፍን ሁለቱንም ያበዛቸዋል።

7. ጥርስ ማውጣት

የወፍጮው ዘንግ ዳር ላይ ፑሌጃውን አጥብቆ የሚይዝ ዳዶ ይኖራልና ጥርስ ማውጣት ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ በአገራችን ያለው ልዩ ችግር ማሽኖቹ ከልዩ ልዩ አገር መምጣታቸው ነው። ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 የብሎን ጥርስ አንድ ዓይነት እንዲሆን ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ ለእንግሊዝ አገር 55 ዲግሪ ማዕዘን መረጠ፤ የአሜሪካኑና የሜትሩ ሥርዓት ግን በ60 ዲግሪ ጸኑ። ግማሽ ኢንች የሆነ የዊትወርዝ ብሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ ሲኖረው፣ ያንኑ የሚያህለው የአሜሪካ ሻካራ ብሎን 13 ጥርስ አለው። ዳዶው ጥቂት ዙር ገብቶ ይነክሳል፤ ሠራተኛው በጉልበት ካጠበቀው ጥርሱ ይላጣል። ስለዚህ ጥርስ ከማውጣት በፊት የአሮጌውን ጥርስ በጥርስ መለኪያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዓይን መገመት አይበቃም።

መሪ ዘንጉ በኢንች በተሠራ ቶርኖ የሜትር ጥርስ ማውጣት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ነገር ግን 127 ጥርስ ያለው ጊር ይፈልጋል። ምክንያቱም አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም 127 ለ5 ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ነው። 127 ደግሞ በሌላ ቍጥር የማይከፈል ስለ ሆነ በትንንሽ ጊሮች ሊተካ አይችልም። በዚህ ዓይነት ጥርስ በሚወጣበት ጊዜ ተንሸራታቹን ከመሪ ዘንጉ ማላቀቅ አይገባም፤ መቁረጫው ከጥርሱ ወጥቶ ማሽኑ ወደ ኋላ እየዞረ ሊመለስ ይገባዋል፤ አለዚያ ሁለተኛው ልጠት ከመጀመሪያው መስመር ይስታል።

8. የማይታወቅ ብረት

በትልልቅ ፋብሪካዎች ብረት ሲገዛ ዓይነቱ በጽሑፍ ይመጣል። በእኛ ቶርኖ ቤት ግን ከአሮጌ መኪና የወጣ አክስል ወይም ባሌስትራ ጥሬ ዕቃ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። ዓይነቱን በጥቂቱ ለመለየት የቆየው ዘዴ በድንጋይ መሳያ ላይ አስነክቶ ብልጭታውን ማየት ነው። ካርቦኑ ያነሰ ለስላሳ ብረት ረጅምና ጥቂት ቅርንጫፍ ያለው ብልጭታ ይሰጣል፤ ካርቦን የበዛበት ብልጭታው እንደ ኮከብ ይፈነዳል፤ የጊዛ ብልጭታ አጭርና ቀላ ያለ ነው። ዓይነቱ ከታወቀ ብረት ጎን ለጎን ቢነካ ማነጻጸሩ ይቀላል።

የተበላ ዘንግ በብየዳ ሞልቶ እንደ ገና በቶርኖ ማስተካከልም የተለመደ ነው። ርካሽና ፈጣን መሆኑ አይካድም፤ ግን አደጋ አለው። ካርቦን የበዛበት ዘንግ ተበይዶ በድንገት ሲበርድ በብየዳው ዳር ያለው ብረት ጠንክሮ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ዘንጉም ይጣመማል። ስለዚህ አስቀድሞ ማሞቅ፣ ከብየዳ በኋላም በደረቅ አመድ ወይም ኖራ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማድረግ ያስፈልጋል። ከባድ ሸክም ላለበት ዘንግ አዲስ መቁረጡ ይመረጣል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥፋት አለ። ዘንጉ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሚያልፍበት ደረጃ ላይ ማዕዘኑ ስል ሆኖ ከተቆረጠ ጭንቀቱ ሁሉ እዚያ ይከማቻል፤ ዘንጉ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ከዞረ በኋላ ከዚያው ይሰነጠቃል። መቁረጫውን በጫፉ አክብቦ ማዕዘኑን በትንሽ ቅስት መጨረስ ይህን ያስቀራል። በምሳሌያችን ላለው የተለመደ የ50 ሚሊሜትር ኩሽኔታ ቅስቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ቢበልጥ ግን የኩሽኔታውን ጥግ ስለሚነካው ኩሽኔታው እስከ መጨረሻው አይገባም።

9. በኮምፒዩተር ስለሚሠራው ቶርኖ

በ1952 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በቍጥር የሚታዘዝ የመቁረጫ ማሽን ለሕዝብ ታየ። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ቶርኖዎች በዓለም ሁሉ ተስፋፍተዋል፤ በአገራችንም በትምህርት ቤቶችና በፋብሪካዎች ይገኛሉ። አንድን ዕቃ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ለመቁረጥ ወይም የተወሳሰበ ቅርጽ ለማውጣት የሚተካከላቸው የለም።

ነገር ግን «ኮምፒዩተር ካለ ልክ በራሱ ይገኛል» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። መቁረጫው ሲደነዝ፣ ዘንጉ ሲሞቅና ሲታጠፍ ማሽኑ የተሰጠውን ቍጥር ብቻ ይከተላል። የመለኪያ ጣት የተገጠመላቸው አሉ፤ ይህ የሌለው ማሽን ግን ሠራተኛው ዕቃውን ለክቶ ያገኘውን ልዩነት በማስተካከያው ቦታ ካልጻፈለት አይታረምም። መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ መቁረጫው በብረቱ ውስጥ ተነክሶ ይሰበራል፤ የኤሌክትሮኒክ ክፍሉ ሲበላሽም ጠጋኙ ሩቅ ነው። ስለዚህ አንድ ዘንግ ብቻ ለሚያስፈልገው ባለወፍጮ አሮጌው የእጅ ቶርኖ ዛሬም የማይናቅ መሣሪያ ነው።

10. ስለ ሠራተኛው ደኅንነት

የዘንጉን ልክ እየተናገርን የሠራተኛውን አካል ብንረሳ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። ሰው በልማድ እጁን ከጉዳት ለማዳን ጓንት ያደርጋል፤ በሚሽከረከር ቶርኖ አጠገብ ግን ጓንት ራሱ አደጋ ነው፤ ቸኩ ጨርቁን ከያዘው እጁን አብሮ ይጎትተዋልና። ሰፊ እጅጌ፣ ሻሽ፣ የአንገት ጨርቅና ቀለበትም እንደዚሁ ናቸው። የቸኩ መፍቻ በቸኩ ላይ ተረስቶ ማሽኑ ቢነሣ እንደ ጥይት ይወረወራል፤ ስለዚህ መፍቻው በቸኩ ላይ ሳለ እጅ ከመፍቻው አይለይ የሚለው ደንብ በመጀመሪያው ቀን ሊነገር ይገባል። ረጅም ፍቅፋቂ እንደ ምላጭ ስለ ሆነ በጣት ሳይሆን ማሽኑን አቁሞ በሜንጦ ይወገዳል። የዓይን መነጽርም ለጎብኚው ጭምር ያስፈልጋል።

ለማጅ በተጎዳ ጊዜ «ጥንቃቄ ጎድሎት ነው» ይባላል። ያልተነገረውን ደንብ ጣሰ ብሎ መውቀስ ግን ፍርድ አይሆንም፤ ኀላፊነቱ በቅድሚያ የሚወድቀው በቤቱ ባለቤትና በአስተማሪው ላይ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው ልክን የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁና የሚቈጠሩ መሆናቸውን ነው። ሙቀት፣ መታጠፍ፣ የማሽኑ መላላት፣ የአያያዝ ጥፋት፣ የደነዘ መቁረጫና ያልታወቀ ብረት ናቸው። ለእያንዳንዳቸውም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኀኒት አለ። አዲስ ማሽን ለመግዛት አቅም የሌለው ቶርኖ ቤት እንኳ ዛሬውኑ ሊጀምራቸው የሚችል ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ልኩ በእርግጠኛ የታወቀ አንድ የማነጻጸሪያ ዘንግ ይኑረው፤ ማይክሮሜትሩም በየጊዜው በርሱ ይፈተን። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ቶርኖ ስሕተት ተለክቶ በማሽኑ አጠገብ በሚቀመጥ ደብተር ይጻፍ፤ ሠራተኛ ቢለወጥ ዕውቀቱ አብሮ እንዳይሄድ ነው። ሦስተኛ፣ የሙያ ትምህርት ቤቶች ለማጁ ማሽን ከማስነሣቱ በፊት መለካትን ጠንቅቀው ያስተምሩት።

በቶርኖ ቤት ለረጅም ዘመን የሠሩ ባለሙያዎች በጆሮአቸው የመቁረጫውን ድምፅ ሰምተው፣ በዓይናቸው የፍቅፋቂውን መልክ አይተው ሥራው ደኅና መሄዱን ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት አብዛኛውን ጊዜ በቃል ብቻ ስለሚተላለፍ ባለቤቱ ሲደክም አብሮት ይጠፋል። ከሙያው ጋር የሚተዋወቁ አንባቢዎቻችን የሚያውቁትን ዘዴ በጽሑፍ ቢያኖሩት ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ ድካም ይቀንሳሉ፤ ወፍጮውም በቆመበት ቀን ቶሎ ይነሣል።